«ልብህ ላይ ድምፅ አለ» ተብሎ ከመኮንንነት ምልመላ የተመለሰ ወጣት ቀጥሎ ምን ማድረግ አለበት?

ጥያቄ፦ «ነዋሪነቴ ጎንደር፣ አዘዞ ነው። የ19 ዓመት ልጄ ለመኮንንነት ዕጩነት ተመዝግቦ የጽሑፉንና የሩጫውን ፈተና ካለፈ በኋላ በሕክምና ምርመራው ‹ልብህ ላይ ድምፅ ይሰማል› ተብሎ ተመለሰ። ሌላ ዝርዝር አልነገሩትም። በማግስቱ በግል ክሊኒክ ኢሲጂ አስነሣነው፤ ‹ንጹሕ ነው› ተባልን። ልጁ ታሞ አያውቅም፤ ከእኩዮቹ ጋር ኳስ ይጫወታል። ይህን ወረቀት ይዘን፣ ጤነኛ ነው የሚል ማስረጃም አጽፈን ብንመለስ ይቀበሉናል ወይ? ካልሆነስ በሚቀጥለው ዙር ሌላ ከተማ ሄዶ ቢመዘገብ? አሜሪካ የሚኖር የወንድሜ ልጅ ደግሞ ‹ዌቨር የሚባል ይቅርታ አለ፣ ጠይቁ› ይለናል። በልጅነቱ ቶንሲል ይመላለስበት ስለ ነበር እንጥሉን አስቆርጠንለታል። አራተኛ ክፍል እያለም አንድ ጊዜ ጉልበቱ አብጦ ሦስት ሳምንት ያህል ተኝቶ ነበር፤ ከዚያ ሕመሙ ወደ ቁርጭምጭሚቱ ዞረ፤ በጠበል ተሻለው። ከዚያ ወዲህ ምንም የለም። ምን ይመክሩናል?»

መልስ፦ ከደብዳቤዎ ውስጥ እኔን ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ ያነሡት ያበጠ ጉልበት ነው። ቶንሲል የሚመላለስበት የአራተኛ ክፍል ልጅ ጉልበቱ ካበጠ፣ ሕመሙ ጉልበቱን ለቆ ወደ ቁርጭምጭሚቱ ከዞረ፣ በሳምንታት ውስጥም ምልክት ሳይተው ከጠፋ፣ ሐኪም አስቀድሞ የሚጠረጥረው የሩማቲክ ትኩሳትን ነው። እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ልጅ ከዓመታት በኋላ «ልብህ ላይ ድምፅ አለ» ሲባል፣ ሁለቱ ነገሮች ይገናኙ እንደ ሆነ ሳይጣራ ስለ አካዳሚ መነጋገር ጊዜው አይደለም። ስለዚህ ምክሬን ከወዲሁ ልናገር፦ መጀመሪያ የድምፁ ምንነት በኢኮ፣ ማለትም በልብ አልትራሳውንድ፣ ይታወቅ፤ አቤቱታውም ሆነ ዳግም ምዝገባው ከዚያ በኋላ የሚታይ ነው።

በሽታው የሚነሣው ከጉሮሮ ነው። ምድብ ኤ ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ በተለይ ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆችን ጉሮሮ ያቆስላል፤ ከእነዚህ ልጆች በጥቂቶቹ ላይ፣ ጉሮሮው ድኖ ነገሩ ከተረሳ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ፣ ባክቴሪያውን ለመዋጋት የተነሣው የሰውነት መከላከያ የልጁን የገዛ መገጣጠሚያና ልብ መምታት ይጀምራል። መገጣጠሚያው እብጠቱ ሲጎድል እንደ ቀድሞው ይሆናል። ልብ ግን እንዲህ አይደለም፤ በተለይ በግራ በኩል ያለው፣ ሚትራል የምንለው የልብ በር ጠባሳ ይይዛል፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው እያንዳንዱ የጉሮሮ ሕመምም በጠባሳው ላይ ሌላ ጠባሳ ሊጨምርበት ይችላል። ከጊዜ ብዛት በሩ ወይ ገጥሞ መዘጋት ያቅተውና ደም ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ወይም ክንፎቹ ተጣብቀው መግቢያው ይጠብባል። ሐኪሙ በማዳመጫው የሚሰማው ደሙ በዚህ በተበላሸ በር ሲያልፍ የሚያሰማውን ድምፅ ነው።

«ልጁ ታሞ አያውቅም፤ ኳስ ይጫወታል» ማለትዎን አምናለሁ፤ ሆኖም ይህ ልቡ ደህና ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። በሩ የጠበበበት ወጣት ለዓመታት ምንም ሳይሰማው ሊኖር ይችላል፤ ሲያደክመው ደግሞ የማይችለውን ነገር ራሱም ሳያውቀው ቀስ በቀስ እየተወ ይሄዳል። በክትትል ክሊኒካችን ያየሁት አንድ ልጅ ሰባተኛ ክፍል ላይ አጥቂ ነበር፣ ዘጠነኛ ክፍል ላይ ተከላካይ ሆነ፣ አሥራ አንደኛ ክፍል ሲደርስ ግብ ጠባቂ ነበር፤ ቤተሰቡ ግን በእነዚያ ዓመታት ሁሉ «ኳስ ይጫወታል» ይሉ ነበር። ልጅዎን በየትኛው ቦታ እንደሚጫወት፣ ከሁለት ዓመት በፊትስ የት ይጫወት እንደ ነበር ይጠይቁት። ከፋሲል ግቢ በታች ካለው ሜዳ ተነሥቶ ሽቅብ ሲወጣ ከጓደኞቹ ወደ ኋላ ይቀር እንደ ሆነ፣ ሌሊት ትራስ ደርቦ ይተኛ እንደ ሆነ፣ ልቡ ያለ ምክንያት ድው ድው ይል እንደ ሆነም እንዲሁ።

ይህን ሁሉ ያልኩት ልጅዎ የልብ ሕመምተኛ ነው ለማለት አይደለም። በልብ ላይ የሚሰማ ተጨማሪ ድምፅ ሁሉ በሽታ አይደለም፤ በልጆችና በወጣቶች ላይ፣ በተለይ ቀጠን ባሉት፣ ደም በጤናማ በር በፍጥነት ሲያልፍ ለስለስ ያለ አጭር ድምፅ መሰማቱ የተለመደ ነው። ትኩሳት፣ የደም ማነስ፣ የእንቅርት ዕጢ ከልክ በላይ መሥራት፣ ፍርሃትና ድካምም ይህንኑ ድምፅ ያመጡታል ወይም ያጎሉታል። በምልመላ ዕለት ወጣቱ በሌሊት ተነሥቶ፣ ምናልባትም ሳይበላ፣ ሮጦ፣ ተሰልፎ ቆይቶ፣ ልቡ እየመታ ወደ ሐኪሙ የሚቀርብ ከሆነ ጉዳት የሌለው ድምፅ ጎልቶ ሊሰማ መቻሉ የሚጠበቅ ነው። ሁለቱን የሚለየው አንዱ ነገር የሚሰማበት ጊዜ ነው፤ ልብ በሚጨመቅበት ቅጽበት የሚሰማ ለስላሳ ድምፅ ጤናማ ሊሆን ይችላል፣ ልብ ላልቶ ደም በሚቀበልበት ጊዜ የሚሰማ ድምፅ ግን እስኪጣራ ድረስ እንደ በሽታ ምልክት ይያዛል።

የጠበበ ሚትራል በርን ድምፅ መስማት ደግሞ ቀላል አይደለም። ወጣቱን በግራ ጎኑ አስተኝተን፣ የማዳመጫውን ጎድጓዳ ወገን ከግራ ጡቱ ዝቅ ብሎ ልብ በሚመታበት ቦታ በስሱ አስቀምጠን፣ አየሩን አስወጥቶ እስትንፋሱን እንዲይዝ እንነግረዋለን፤ ክፍሉ ጸጥ ካለ በየምቱ መካከል ከሩቅ እንደሚሰማ የወፍጮ ጉርምርምታ ያለ ዝቅተኛ ድምፅ ይመጣል። ይህ ድምፅ ብዙ ወጣቶች በተሰለፉበት አዳራሽ ውስጥ ሊያመልጥ ይችላል፤ እዚያ የሰማ ሐኪም ካለ ጆሮውን ሰጥቶ አዳምጧል ማለት ነው። ልጅዎን የመለሰው ሰው ዕድሉን ዘጋበት ብለው እንዳይቀየሙት፤ ምናልባት ያንን ልብ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በትክክል ያዳመጠለት እርሱ ነው።

አሁን ወደ ኢሲጂው ልምጣ፤ በዚህ ላይ ያለው አለመግባባት ብዙ ቤተሰብ ያሳስታል። ኢሲጂ የልብን የኤሌክትሪክ ሥራ፣ ማለትም የምቱን ሥርዓትና ፍጥነት የሚመዘግብ ምርመራ ነው። የአንድን ቤት የመብራት መስመር ያየ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ «መስመሩ ደህና ነው» ቢል በሩ ይገጥማል አይገጥምም የሚለውን አልነገረንም። የልብ በር መጠነኛ መጥበብ ወይም ማፍሰስ እያለበት ኢሲጂው ፍጹም ንጹሕ ሆኖ የሚወጣ ሰው ብዙ ነው። የደረት ራጅም እንዲሁ ነው፤ ልብ ከሰፋ ያሳያል እንጂ የበሩን ክንፍ አያሳይም። በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ፣ ክንፉ ወፍሮ እንደ ሆነ፣ ደሙም ወዴት እንደሚሄድ በዓይን የሚታየው በኢኮ ብቻ ነው። ክሊኒኩ «ንጹሕ ነው» ያለዎት ስለ ኢሲጂው ከሆነ እውነቱን ነው፤ ያ ቃል ስለ ልጁ ልብ በሙሉ የተነገረ ተደርጎ መያዙ ግን ስሕተት ነው።

ምልመላው በእንዲህ ያለ ጉዳይ ላይ ለምን እንደሚጠነክር መረዳትም ለቤተሰብ ይጠቅማል። ሰው ጭነት ተሸክሞ ዳገት ሲሮጥ የልብ ምቱ ይፈጥናል፤ ምቱ ሲፈጥን በሁለት ምቶች መካከል ደሙ በበሩ የሚያልፍበት ጊዜ ያጥራል። በሩ ሰፊ ለሆነ ሰው ይህ ችግር አይፈጥርም፤ ለጠበበበት ግን ደሙ ወደ ኋላ ይጠራቀምና ሳንባው ውኃ ይቋጥራል። ሁለተኛው ምክንያት እምብዛም አይነገርም። ወጣቶች ተጨናንቀው የሚያድሩበት የጦር ሰፈር ስትሬፕቶኮከስ ከጉሮሮ ወደ ጉሮሮ የሚዛመትበት ምቹ ቦታ ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ጦር በማሠልጠኛ ሰፈሮቹ ብዙ የሩማቲክ ትኩሳት ታማሚ አይቷል። የጉሮሮ ሕመምን በፔኒሲሊን በወቅቱ ማከም የሩማቲክ ትኩሳትን እንደሚከላከል በግልጽ የታየውም እዚያው በጦር ሰፈር ውስጥ፣ በዋዮሚንግ ግዛት በነበረው ፎርት ዋረን፣ በ1940ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በተደረገ ጥናት ነው። አንድ ጊዜ በዚህ ትኩሳት የተያዘ ወጣት እንዲህ ባለ ሰፈር ውስጥ ዳግም ለመያዝ ከሌላው ይልቅ የተጋለጠ ነው፤ ዳግመኛው ደግሞ ልቡን ይበልጥ ይጎዳዋል።

የወንድምዎ ልጅ የነገራችሁ ዌቨር በአሜሪካ በእርግጥ ያለ ነገር ነው፤ ይቅርታ ማለት ግን አይደለም፣ ለእናንተም አይሆንም። እዚያ ዌስት ፖይንት ወዳለው የምድር ጦር አካዳሚ ወይም አናፖሊስ ወዳለው የባሕር ኃይል አካዳሚ የሚያመለክት ወጣት የሕክምና ምርመራው የሚታየው ዶድመርብ በተባለ፣ በመከላከያ ሚኒስቴራቸው ሥር ባለ የሕክምና ገምጋሚ ቦርድ ነው። ቦርዱ የሚለው ዕጩው መስፈርቱን ያሟላል ወይም አያሟላም ብቻ ሲሆን፣ ያላሟላውን ዕጩ በልዩ ፈቃድ ለመቀበል ወይም ላለመቀበል የሚወስነው አካዳሚው ነው፤ ያ ልዩ ፈቃድ ነው ዌቨር የሚባለው። እዚያም ቢሆን አካዳሚው የሚወስነው የልዩ ሐኪም ሪፖርትና የምርመራ ውጤት ተመልክቶ ነው። በሌላ አገር ሕግ ውስጥ ያለ መብት በእኛ ምልመላ እንዳለ አድርጎ መጠየቅ ጊዜ ከማባከን በስተቀር የሚያመጣው የለም። ከእነርሱ አሠራር ልንወስድ የምንችለው ነገር ቢኖር የሐኪም ሰነድ ሳይያዝ የሚቀርብ አቤቱታ ክብደት እንደሌለው መረዳት ነው።

ጤነኛ ነው የሚል ማስረጃ የማጻፉን ሐሳብ ይተዉት። በኢሲጂ ብቻ ተመሥርቶ የተጻፈ ወረቀት ድምፁን የሰማውን ሐኪም ጥያቄ አይመልስም፤ ሳይመረመር በትውውቅ የተጻፈ ከሆነ ደግሞ የጻፈውንም ያቀረበውንም በሕግ ያስጠይቃል፣ ልጁም ኋላ እውነተኛ ማስረጃ ይዞ ቢመጣ የሚያምነው ያጣል። በከተማችን «ቦርድ አስወጣ» የሚባለውም በራሱ መፍትሔ አይደለም። የሆስፒታል የሕክምና ቦርድ የጤናውን ሁኔታ መስክሮ ሊጽፍ ይችላል፤ የአካዳሚውን መስፈርት ግን አይሽርም።

ሌላ ከተማ ሄዶ ድምፁን ደብቆ መመዝገብን በተመለከተ ግን ከምክር አልፌ እለምንዎታለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሌሊት በተረኛነት ላይ ሳለሁ አንድ የ22 ዓመት ወጣት አመጡልን። አልጋው ላይ ተቀምጦ ሁለት እጆቹን ጉልበቱ ላይ ተክሎ ወደ ፊት አዘንብሏል፤ ተኛ ቢሉት አልተኛም፣ ቢተኛ ይታፈናል። በያዘው ነጭ ፎጣ ላይ ደም የቀላቀለ አረፋ ነበረበት። በአንድ ቦታ ምልመላ ላይ «ድምፅ አለብህ» ተብሎ ተመልሶ፣ ይህን ለማንም ሳይናገር በሌላ ቦታ ተመዝግቦ አልፎ ነበር፤ ሥልጠናው ሦስተኛ ሳምንቱን ሳይጨርስ ዳገት ላይ ወደቀ። በጤናማ ሰው ከ4 እስከ 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር የሚሆነው የሚትራል በር በእርሱ ላይ 1 ካሬ ሴንቲ ሜትር አይሞላም ነበር። ተርፏል፤ በኋላም አዲስ አበባ ሄዶ በሩ በደም ሥር ገብታ በምትነፋ ትንሽ ፊኛ ተከፍቶለታል። ሆኖም ያን ሌሊት ግማሽ ሰዓት ዘግይቶ ቢደርስ ኖሮ ምን ይሆን እንደ ነበር አውቃለሁ። ወላጅ አባቱ በበነጋው መጥተው ኮሪደሩ ላይ ቆመው «እኔ ነኝ ዝም በል ያልኩት» ሲሉ የሰማሁትን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

እንግዲህ መንገዱ ይህ ነው። ቤተሰቡ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል ከሆነ በቅርብ ካለው ጤና ጣቢያ ይጀምሩና ሪፈር አጽፈው ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይሂዱ፤ ሪፈር ሳይዙ በቀጥታ መሄድ ወጪውን በራስዎ ላይ ያመጣል። በሪፈር ወረቀቱ ላይ «የልብ ድምፅ፤ በልጅነት የመገጣጠሚያ እብጠት ታሪክ» የሚለው በግልጽ እንዲጻፍ ይጠይቁ፤ ይህ ታሪክ ያልተጻፈበት ወጣት ጤነኛ መስሎ ወረፋው ሊረዝምበት ይችላል። እዚያ የውስጥ ደዌ ወይም የልብ ሐኪም ያዳምጠዋል፣ ኢኮ ይሠራለታል፣ የደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ ምርመራም እንደ አስፈላጊነቱ ይታዘዝለታል። በዚህ መካከል ትንፋሽ ማጠር፣ ራስን መሳት፣ ደም የቀላቀለ አክታ ወይም የእግር እብጠት ከታየ ቀጠሮውን ሳይጠብቁ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት። ውጤቱ እስኪታወቅ ድረስም ለቀጣዩ ዙር ብሎ የጀመረውን የሩጫ ልምምድ ያቁም።

ኢኮው በሩ ጤናማ መሆኑን ካሳየና ድምፁ ጉዳት የሌለው ነው ከተባለ አቤቱታ ለማቅረብ የሚያበቃ ነገር በእጃችሁ ገባ ማለት ነው። የሐኪሙ ሪፖርት ኢኮው የተሠራበትን ቀን፣ የእያንዳንዱን በር ሁኔታ፣ ድምፁ ጉዳት የሌለው መሆኑንና ከባድ የአካል እንቅስቃሴ የማይከለክለው መሆኑን በቃል መግለጽ አለበት፤ «ጤነኛ ነው» የሚል አንድ መስመር አይበቃም። ሪፖርቱን ከማመልከቻ ጋር አያይዛችሁ ለመዘገበው የምልመላ ጽሕፈት ቤት አቅርቡ፣ ቅጂውንም ከነ ማኅተሙ አስቀሩ። የዚህ ዙር ሥልጠና ከተጀመረ በመሐል ያስገቡታል ብላችሁ አትጠብቁ፤ ሪፖርቱ የሚጠቅመው ለቀጣዩ ዙር ነው፣ ያን ጊዜም የዕድሜ ጣሪያውንና የጤና መስፈርቱን ከወጣው ማስታወቂያ ላይ ራሳችሁ አንብቡ። የመጨረሻው ውሳኔ የእነርሱ ነው፤ ሐኪም የሚመሰክረው ስለ ልቡ ብቻ ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። በሩ ንጹሕ ሆኖም የልጅነቱ ሕመም በእርግጥ የሩማቲክ ትኩሳት ነበር ብሎ ሐኪሙ ከደመደመ፣ ትኩሳቱ እንዳይመለስበት ቢያንስ 21 ዓመት እስኪሞላው የመከላከያ መርፌ ሊያዝለት ይችላል፤ ይህም ለመልማዮቹ መነገር እንጂ መደበቅ የለበትም።

ኢኮው በበሩ ላይ የሩማቲክ ጠባሳ ካሳየ፣ መጠነኛም ቢሆን፣ የእኔ ምክር ቁርጥ ያለ ነው፦ የውጊያ ሥልጠናውን ነገር እዚህ ላይ ያቁሙት፤ ሕክምናውን በዚያው ሳምንት ይጀምር። ሕክምናው ብዙ ጊዜ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን የሚባለው መርፌ ነው፤ 1.2 ሚሊዮን ዩኒት በየ4 ሳምንቱ፣ ለአንዳንዱም በየ3 ሳምንቱ ይወጋል። በሩ ላይ ጉዳት ላለበት ሰው ከመጨረሻው ትኩሳት ጀምሮ ለ10 ዓመት ወይም 40 ዓመት እስኪሞላው፣ ከሁለቱ የሚረዝመውን፣ ይቀጥላል። መርፌው የተጎዳውን በር መልሶ አያድስም፤ የሚሠራው ሌላ ጉዳት እንዳይደረብበት መጠበቅ ነው፣ ለብዙዎችም ይህ ከቀዶ ሕክምና ያድናቸዋል። ፈሳሹ እንደ ወተት ወፈር ያለ በመሆኑ ያማል፤ ወጣቶች «ምንም አልሆንኩም» እያሉ የሚያቋርጡትም በዚሁ ነው። ስለ ፔኒሲሊን የሚወራው ፍርሃት ከእውነታው እጅግ የገዘፈ ቢሆንም ከንቱ ነው አልልም። አለርጂ ያለበት ሰው አለ፣ ልቡ በጣም ለተጎዳ ሕመምተኛ ደግሞ ሐኪሙ በሚዋጥ መድኃኒት ሊተካለት ይችላል፤ ስለዚህ መርፌው በጤና ተቋም፣ ተጠይቆና ጥቂት ቆይቶ ታይቶ ይወጋ። በሩ በጣም ጠብቦ ወይም ክፉኛ እያፈሰሰ ከተገኘ በፊኛ መክፈት ወይም ቀዶ ሕክምና ይታሰባል፤ ለዚህ ወደ አዲስ አበባ መላክ ስለሚያስፈልግ ወረፋው ረጅም ነው፣ ሪፈሩን ቶሎ ማስያዝ ይገባል። ሲወለድ ጀምሮ የነበረ ትንሽ ቀዳዳ ወይም የልብ ጡንቻ መወፈር ከተገኘ ግን መንገዱ ሌላ ስለሆነ ያከመው ሐኪም በነገራችሁ ብቻ ተመሩ።

ስለ እንጥሉና ስለ ጠበሉም ሳልናገር አላልፍም፤ በቤትዎ ሌሎች ልጆች ካሉ ይህ ክፍል ለእነርሱ ነው። እንጥል መቁረጥ ቶንሲልን አይከላከልም፣ ልብንም አይጠብቅም፤ ባክቴሪያው የሚቀመጠው በቶንሲሉና በጉሮሮው ግድግዳ ላይ ነው። በቢላ ምክንያት የደም መፍሰስና የቁስል መመረዝ ደርሶባቸው የመጡ ሕፃናትን አክመናል። ትኩሳት ያለው የጉሮሮ ሕመም የያዘው ልጅ ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ተገቢውን ፔኒሲሊን ካገኘ የሩማቲክ ትኩሳቱ ሊገታ ይችላል፤ ስለዚህ ወደ ጤና ጣቢያ የሚወስደው መንገድ ከሁሉ ይቀድማል። ጠበሉን አልከለክልም፤ እኔም እጠመቃለሁ። ጉልበቱ የተሻለው ግን ይህ በሽታ መገጣጠሚያን በባሕርዩ ስለሚለቅ ሊሆን እንደሚችል፣ በዚያ ጊዜ ልቡ አለመታየቱም ያኔ የጎደለው ነገር እንደ ነበር ማወቅ ይገባዎታል። አሁንም ጠበል ቦታ ገብቶ ሊሰነብት ከፈለገ የመርፌው ቀን እንዳያልፈው ብቻ ይጠንቀቁ፤ አገልጋዮቹ ካህናት ቢነገራቸው የሚከለክሉ አይመስለኝም።

የልጁን ስሜት በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። በአገራችን ቋንቋ ልብ ማለት ወኔ ነው፤ ስለዚህ አንድ ወጣት «በልቡ ምክንያት ተመለሰ» ሲባል ሰፈሩ የሚሰማው ሌላ ነገር ነው፣ እርሱም ያንኑ ይሰማል። ከምልመላ ተመልሰው ለወራት ከቤት ያልወጡ ልጆች አይቻለሁ። «ወደቀ» የሚለውን ቃል በቤት ውስጥ እንዳይጠቀሙ እመክራለሁ፤ የበር ጠባሳ በዘጠኝ ወይም በአሥር ዓመት ሕፃን ላይ በደረሰ የጉሮሮ ሕመም የተተወ ምልክት ነው፣ ከድፍረቱም ከጥንካሬውም ጋር አይገናኝም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናውን አልፎ የዩኒቨርሲቲ ምደባ ካለው የምዝገባው ቀን እንዳያልፈው፤ አካዳሚውን ሲጠብቁ ምደባቸውን አሳልፈው ሁለቱንም ያጡ ወጣቶች አሉ። አስቀድሞ ተመዝግቦ ትምህርቱን ትቶ ከሆነም ተመልሶ ለመግባት ምን እንደሚያስፈልግ የዩኒቨርሲቲውን ሬጅስትራር በቶሎ ይጠይቅ። ሀገሩን በሙያ ማገልገል የሚሻ ከሆነ ምሕንድስናውም፣ ጤናውም፣ መከላከያ ራሱ የሚቀጥራቸው የሲቪል ሠራተኞች የሥራ መደቦችም አሉ፤ ጎንደር ራሷ በደንቢያ ወባ ሕዝብ በጨረሰበት ዘመን ማግስት፣ በ1947 ዓ.ም. የጤና መኮንኖችን ማሠልጠን የጀመረች ከተማ ናት። መጠነኛ የበር ጉዳት ያለበት ሰው መማር፣ መሥራት፣ ማግባትና ልጆች ማሳደግ ይችላል፤ ምን ያህል መሮጥና መሸከም እንደሚችል ከሐኪሙ ጋር በየጊዜው ይወስናል።

ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄዱ የጤና መድኅን ደብተሩን፣ የኢሲጂውን ወረቀት፣ ከምልመላው የተሰጠ ጽሑፍ ካለ እርሱን ይያዙ፤ ከሌለም የተነገረው ቃልና ቀኑ በወረቀት ይጻፍ። ቢቻል እናቱ አብረው ይምጡ። ጉልበቱ ያበጠ ጊዜ ትኩሳት ነበረው ወይ፣ ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታት ጉሮሮው ታሞ ነበር ወይ፣ እጁ ያለ ፈቃዱ ይወራጭ ነበር ወይ፣ ቆዳው ላይ ቀላ ያለ ክብ ነገር ታይቶ ነበር ወይ ብለን እንጠይቃለን፤ በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ሌሊቱን ከአልጋው አጠገብ ያደሩት እርሳቸው ከሆኑ መልሱ ያለው እርሳቸው ዘንድ ነው።